«7:00 ከሰዓት» ስንት ሰዓት ነው? ከአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የተማርኩት

ሐሙስ መስከረም 29 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 9 ቀን 2025፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ አንዲት እናት በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መግቢያ ላይ ቆመው ስልካቸውን ለጥበቃው ያሳያሉ። የሥራ ዩኒፎርማቸውን አላወለቁም። ጥበቃው አማርኛ አያነብም። የቢሮዋ ጸሐፊ ተጠርታ መጣች፤ እሷም አታነብም። ወደ ኮምፒውተሯ ተመልሳ አየችና «ስብሰባው ማታ ነው» አለች በእንግሊዝኛ።

እኔ በዚህ ትምህርት ቤት ሐሙስ ሐሙስ ከክፍል በኋላ የኮዲንግ ክበብ በበጎ ፈቃድ አግዛለሁ። በዚያን ቀን ላፕቶፖቹን ለማዘጋጀት ቀደም ብዬ መጥቼ ነበር። እናትየው ፊቴን አዩና «ወንድሜ፣ ሐበሻ ነህ? እባክህ ይቺን አንብብላቸው። እኔ'ኮ በሰዓቱ ነው የመጣሁት» አሉኝ።

ቴክስቱን አነበብኩት። ስብሰባው ሐሙስ ኦክቶበር 9 «7:00 ከሰዓት» እንደሆነ በአማርኛ ተጽፏል። ደግሜ አነበብኩት። እናትየው ልክ ናቸው። አማርኛ ለሚናገር ሰው «7:00 ከሰዓት» ማለት ምሳ ሰዓት አልፎ ያለው 7 ሰዓት ነው፤ እሳቸውም በዚያው ሰዓት ቆመዋል። ትምህርት ቤቱ ማለት የፈለገው ግን 7 ፒኤም ነው። ያ ደግሞ ለእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ምሽት ላይ እሳቸው ሁለተኛው ሥራቸው ላይ ናቸው። ለቀኑ ስብሰባ ብለው ከመጀመሪያው ሥራቸው ያለ ክፍያ ሁለት ሰዓት አስፈቅደው ነው የመጡት።

ጉዳዩ ደግሞ ቀላል አልነበረም። ከኢትዮጵያ 10ኛ ክፍልን ጨርሶ የመጣው ልጃቸው 9ኛ ክፍል ተመድቧል። ስብሰባው ይህን ለማስተካከል የተጠራ ነበር።

ይህን የምጽፈው እናትየውንም ልጁንም አስፈቅጄ ነው። ስምም ሰፈርም አልጠቅስም፤ ትምህርት ቤቱንም ለመውቀስ አይደለም። እዚያ ያገኘኋቸው ሠራተኞች ሁሉ ለመርዳት የሚፈልጉ ነበሩ። ለእኛ ለሶፍትዌር ሰዎች ትምህርት የሚሆነው ይኸው ነው፤ ሁሉም ሰው ሥራውን በትክክል እየሠራ አንድ ልጅ ሁለት ዓመት ሊያጣ ነበር።

ትምህርት ቤቱ

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የኖረ ሰው እንዲህ ያለውን ትምህርት ቤት ያውቀዋል። ሲልቨር ስፕሪንግ ሂዱ፣ አሌክሳንድሪያ ሂዱ፣ አውራ መንገዱ ዳር ትልቅ ሕንፃ፣ የስፖርት ሜዳ፣ ቢጫ አውቶቡሶች ታገኛላችሁ። ከመንገዱ ማዶ የሳልቫዶሮች ፑፑሳ ቤት፣ ከጎኑ እንጀራና በርበሬ የሚሸጥ የሐበሻ ሱቅ፣ ቀጥሎ የቬትናሞች ምግብ ቤት ይኖራል። ምሳ ሰዓት ላይ ካፊቴሪያው ውስጥ ስፓኒሽ፣ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ፈረንሳይኛና ቬትናምኛ ባንድ ላይ ትሰማላችሁ። መግቢያው ላይ በየቋንቋው «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል ሰሌዳ አለ። የአማርኛው ጽሑፍ ንጹሕ ነው፤ በፊት በፊት እንደምናየው የባዶ ሳጥኖች ሰልፍ አይደለም።

ወላጅን በሚገባው ቋንቋ ማናገር የትምህርት ቤቱ በጎ ፈቃድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኙ ተቋማት ሰውን በትውልድ አገሩ እንዳያገልሉ ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በ1974 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «ላው እና ኒኮልስ» በተባለው ክርክር፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ እንግሊዝኛ የማይችሉ የቻይና ተወላጅ ተማሪዎችን ያለ ተጨማሪ እርዳታ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ይህን ሕግ መጣስ እንደሆነ ወሰነ። ዋሽንግተን ዲሲ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አውጥታለች፤ በከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ቅጾች ላይ አማርኛ የምናየው በዚህ ምክንያት ነው።

ቴክኖሎጂውም ቀስ እያለ ተከትሏል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትም ነው። ጉግል ትራንስሌት አማርኛን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ስለዚህ ዛሬ አንድ ጸሐፊ በእንግሊዝኛ የጻፈችው መልእክት በሰከንድ ውስጥ አማርኛ ሆኖ እናት ስልክ ላይ ይደርሳል። ፊደሉ ደርሷል፤ ቃላቱም ደርሰዋል። ያልደረሱት ሰዓቱ፣ ዓመተ ምሕረቱና ስሙ ናቸው። አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛ፦ ሰዓቱ

ስልኮቻችንና ብራውዘሮቻችን ቀንና ሰዓትን በየቋንቋው ሲጽፉ በአብዛኛው የሚጠቀሙት ሲኤልዲአር የተባለውን የዩኒኮድ ኮንሶርቲየም የመረጃ ክምችት ነው። እዚያ ውስጥ የአማርኛው ኤኤም «ጥዋት»፣ ፒኤሙ ደግሞ «ከሰዓት» ተብሎ ተቀምጧል። ቃላቱ ልክ ናቸው። ቁጥሩ ግን አይነካም። የትርጉም መሣሪያዎችም እንዲሁ ናቸው፤ ቃሉን ይተረጉማሉ፣ ቁጥሩን እንዳለ ይተዉታል። ለብዙ ቋንቋ ይህ ትክክል ነው። ቀኑን ከንጋት ጀምሮ ለሚቆጥር ሰው ግን አይሠራም።

ልብ በሉ፤ ስህተቱ በሁሉም ሰዓት ላይ እኩል አይጎዳም። «9:00 ጥዋት» የሚል መልእክት ቢደርሳችሁ ግራ ትጋባላችሁ፤ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት ላይ 9 ሰዓት የሚባል ነገር የለም። ግራ የገባው ሰው ደግሞ ደውሎ ይጠይቃል። «7:00 ከሰዓት» ግን በእኛም አቆጣጠር አለ፤ 8፣ 9፣ 10ም እንዲሁ። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ያለው የአሜሪካ ቀጠሮ ሁሉ ወደ አማርኛ ሲዞር ፍጹም ትክክል የሚመስል የቀን ቀጠሮ ይሆናል። ትምህርት ቤቶች የወላጅ ስብሰባ የሚጠሩት ደግሞ በአብዛኛው በዚሁ በምሽቱ ሰዓት ነው፤ ወላጅ ከሥራ ይወጣል ብለው።

ብዙ ዴቨሎፐር እዚህ ላይ የሚሳሳተው ጉዳዩን እንደ ታይም ዞን ሲያየው ነው። የ6 ሰዓት ልዩነቱ ከአዲስ አበባ ጋር ያለን ርቀት አይደለም። አዲስ አበባ ከዋሽንግተን በበጋው አቆጣጠር 7 ሰዓት፣ በክረምቱ 8 ሰዓት ትቀድማለች። የእኛ የሰዓት አቆጣጠር ግን እዚያው ባለንበት ቦታ ላይ ሆኖ ቁጥሩን ብቻ ነው የሚለውጠው፤ እዚህ 7 ፒኤም ሲሆን እዚሁ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ስለዚህ ዳታቤዙን አትንኩ፤ የሚለወጠው በመጨረሻ ለሰው የሚታየው ጽሑፍ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፦ ዓመተ ምሕረቱ

እናትየው የልጃቸውን ትራንስክሪፕት ፌስታል ውስጥ ይዘውት መጥተው ነበር። መተላለፊያው ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን አየነው። በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ፣ ማኅተም ያለው፣ ምንም የማይወጣለት ወረቀት ነው። 9ኛ ክፍል፣ 2016። 10ኛ ክፍል፣ 2017። ከቁጥሮቹ ጎን ደግሞ «ኢ.ሲ.» የሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደሎች አሉ፤ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ለማለት ነው።

እኔና እናንተ ይህን ስናይ ወዲያው ይገባናል። 2016 ዓ.ም. የጀመረው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው። ልጁ 9ኛን በ2023–24፣ 10ኛን በ2024–25 ተምሮ ጨርሷል። በ2001 ዓ.ም. ጥር ላይ ስለተወለደ፣ ማለትም በፈረንጆቹ በ2009 መጀመሪያ፣ አሁን 16 ዓመቱ ነው። ለ11ኛ ክፍል ትክክለኛ ዕድሜ።

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ስክሪን ላይ የሚታየው ግን ሌላ ነው። የትውልድ ዓመት 2009፤ ይህ ከፓስፖርቱ ስለተወሰደ በፈረንጅ ነው። 9ኛ ክፍል የተማረበት ዓመት 2016። ሲስተሙ ቀነሰና ልጁ 9ኛ ክፍል ሲገባ 7 ዓመቱ ነበር አለ፤ መዝገቡንም አልቀበልም አለ። ሠራተኛው «ኢ.ሲ.» የሚለውን የአንድ ፈተና ስም መስሎት አልፎታል። ስለዚህ ሠራተኛው መመሪያው የሚያዘውን አደረገ፤ ትራንስክሪፕቱን «ያልተረጋገጠ» ብሎ ለይቶ ልጁን ከ9ኛ አስጀመረው።

እዚህ ላይ የሲስተሙ ቁጥጥር መጥፎ አልነበረም። የ7 ዓመት ልጅ 9ኛ ክፍል ገባ የሚል መዝገብ ሲያይ መጠርጠሩ ልክ ነው። የጎደለው አንድ ሳጥን ነው፤ «ይህ ዓመት በየትኛው ካላንደር ነው?» የሚል። ያ ሳጥን ባለመኖሩ ሲስተሙ ጥርጣሬውን የሚያደርስበት ቦታ አጣ፤ ጥፋቱን ወረቀቱ ላይ ጣለው።

ሦስተኛ፦ ስሙና 70ው ፊደል

እናትየው ቴክስቱን ሲያሳዩኝ «መጀመሪያ የእኔ አልመሰለኝም ነበር» አሉኝ። ገባኝ። መልእክቱ የሚጀምረው «ውድ ወይዘሮ» ብሎ የባላቸውን አባት ስም በመጥራት ነው። ልጁን አበበ ከበደ ተሰማ እንበለው። ፓስፖርቱ ላይ የመጨረሻው ስም «ተሰማ» ነው። ሲስተሙ የተማሪውን የመጨረሻ ስም ወስዶ እናቱን «ወይዘሮ ተሰማ» ይላቸዋል። ተሰማ የአማቻቸው ስም ነው፤ እናትየው በሕይወታቸው በዚያ ስም ተጠርተው አያውቁም። ባንክም ሐኪም ቤትም ብዙዎቻችን ይህን ለምደነዋል። አዲስ ለመጣ ሰው ግን ለሌላ ሰው የተላከ መልእክት ይመስላል። ብዙ የማጭበርበሪያ ቴክስት በሚላክበት ዘመን ደግሞ እንዲህ ያለውን መልእክት ማጥፋት ብልህነት ነው።

ሌላው ነገር ርዝመቱ ነው። አንድ የስልክ ቴክስት በእንግሊዝኛ ፊደል ከሆነ 160 ፊደል ይይዛል። ከመካከሉ አንድ የግዕዝ ፊደል ከገባ ግን መልእክቱ በሙሉ ዩሲኤስ-2 ወደተባለው አጻጻፍ ይለወጥና የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ ይሆናል። ከዚያ ከበለጠ ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ ክፍል ደግሞ ለማያያዣው ቦታ ስለሚተው 67 ፊደል ብቻ ይይዛል። ዘመናዊ ስልክ ክፍሎቹን መልሶ ይገጥማቸዋል፤ ቢሆንም ስልኩ ሲቆለፍ ስክሪኑ ላይ የሚታየው የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቃላት ናቸው። በእናትየው ቴክስት ውስጥ እነዚያን ቃላት የያዙት የማያውቁት ስምና ረጅም ሰላምታ ናቸው። የሚደወልበት ቁጥር መጨረሻ ላይ ነው ያለው።

ክበቡ

በዚያው ቀን ከክፍል በኋላ ለክበቡ ተማሪዎች የሆነውን ነገርኳቸው፤ ማን እንደሆነ ሳልናገር። የያዝነውን ጌም ትተን ይህን እንሥራ አሉ።

ክበባችን ትንሽ ነው። እዚሁ የተወለደች አንዲት የሐበሻ ልጅ አለች፤ አማርኛ ትሰማለች፣ ፊደል ግን አታነብም። ቤተሰቦቹ ከኤል ሳልቫዶር የመጡ አንድ ልጅ አለ። ቤተሰቦቿ ቬትናማውያን የሆኑ አንዲት ልጅ አለች። ሁለት ካላንደር ባንድ ቤት መኖሩን ሳስረዳ ቀድማ የገባት እሷ ናት። «እኛም ቤት ሁለት ነው፤ የአያቴ ልደት በየዓመቱ ቀኑ ይቀያየራል» አለች።

የመጀመሪያውን የቤት ሥራ ሰጠኋቸው፤ ቤታችሁ ሄዳችሁ ወይም ጓደኛችሁን ጠይቃችሁ፣ ሐበሻ ወላጆች «7 ሰዓት» ሲባል ምን እንደሚገባቸው አጣሩ አልኳቸው። በሳምንቱ መልሱ ተዘበራርቆ መጣ። አዲስ የመጡት ምሳ ሰዓትን ያስባሉ። ሃያ ዓመት የቆዩት አንዳንዶቹ እንደ ፈረንጅ ያስባሉ። አንዷ እናት «ስልክ ላይ ከሆነ በፈረንጅ፣ በአፍ ከሆነ በሐበሻ» ብለዋል። አንድ አባት ደግሞ «እኔ ሁልጊዜ እጠይቃለሁ» አሉ።

ይህ ነገር ሐሳቤን ለወጠው። እኔ መጀመሪያ ያሰብኩት ሁሉንም ሰዓት ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መቀየር ነበር። ያንን ብናደርግ እናትየውን አድነን ሃያ ዓመት የቆዩትን አባት እናሳስታለን። ተማሪዎቹ ሁለቱንም ጎን ለጎን እንጻፍ አሉ። እንዲህ የሚል መልእክት ተወሰነ፦

«ስብሰባ፦ ሐሙስ ጥቅምት 13 (ኦክቶበር 23) ከምሽቱ 1 ሰዓት (7 ፒኤም)»

ቁጠሩት፤ ክፍት ቦታውን ጨምሮ 47 ነው። ከ70ው ውስጥ ለስልክ ቁጥር በቂ ቦታ ይተርፋል። ሰላምታውም ስሙም ከዚያ በኋላ ይምጣ። ለስሙም መፍትሔ ብለው የወሰዱት ቀላል ነው፤ «ውድ ወይዘሮ» ቀርቶ «የአበበ ወላጅ» ይባል። የልጁን የመጀመሪያ ስም የማያውቅ እናት የለም።

ኮዱ

ሥራው አንዲት ትንሽ ድረ ገጽ ናት። ጸሐፊዋ ቀኑንና ሰዓቱን እንደለመደችው በአሜሪካ አጻጻፍ ታስገባለች፤ ገጿ የአማርኛውን ዓረፍተ ነገር ትሰጣታለች። ገልብጣ ትለጥፈዋለች።

ሰዓቱን መቀየር ቀላል ነው። ሰዓቱ ላይ 6 ጨምሩ፣ ለ12 አካፍሉና ቀሪውን ውሰዱ፤ ቀሪው ዜሮ ከሆነ 12 ነው። ደቂቃው አይነካም። አስቸጋሪው ከቁጥሩ ፊት የሚመጣው ቃል ነው። ከንጋት እስከ ቀትር «ከጠዋቱ»፣ ከዚያ እስከ ማምሻ «ከቀኑ»፣ ከዚያ እስከ እኩለ ሌሊት «ከምሽቱ»፣ ከዚያ በኋላ «ከሌሊቱ» ብለን አስቀመጥን። «ከሰዓት» የሚለውን ቃል ሆን ብለን አስወጣነው፤ ችግሩን ያመጣው እሱ ነውና። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ሰዓትም ሌላ ጣጣ አለው። በፈረንጅ ሐሙስ 2 ኤኤም የሚባለው ለእኛ ገና ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ትምህርት ቤት በዚያ ሰዓት ስብሰባ ስለማይጠራ ገጿ ከንጋት በፊት ያለውን ሰዓት አልቀበልም እንድትል አደረግናት።

ቀኑን ለመቀየር ብራውዘሩ ራሱ ይረዳል። ጃቫስክሪፕት ውስጥ ቀን የሚጽፈው «ኢንትል» የተባለው ክፍል የኢትዮጵያን ካላንደር ያውቃል፤ ስሙን መስጠት ብቻ ነው። ሆኖም ተማሪዎቹ በእጃቸው እንዲሠሩት ፈለግሁ፤ አንደኛ ስለሚማሩበት፣ ሁለተኛ የብራውዘሩን መልስ ስለሚፈትሹበት። መንገዱ ሁለቱንም ካላንደር ወደ አንድ ተራ የቀን ቁጥር መለወጥ ነው፤ የሥነ ፈለክ ሰዎች የጁሊያን ቀን ቁጥር የሚሉት። የእኛ መስከረም 1 ቀን 1 ዓ.ም. ቁጥሩ 1,724,221 ነው። በዚያ ላይ ያለፉትን ዓመታት በ365 አባዝታችሁ ጨምሩ፤ ዓመቱን ለ4 አካፍላችሁ ሙሉውን ቁጥር ጨምሩ፤ ያለፉትን ወራት በ30 አባዝታችሁ ጨምሩ፤ ያለፉትን ቀናት ጨምሩ። በቃ። 12ቱ ወሮቻችን ሁሉ 30፣ 30 ቀን መሆናቸው ለፕሮግራመር በረከት ነው። መስከረም 1 ቀን 2018 በዚህ ስሌት 2,460,930 ይሆናል፤ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025ም በፈረንጁ ስሌት ያው ቁጥር ነው።

ያም ሆኖ መጀመሪያ የተጻፈው ኮድ ስህተት ነበረበት፤ እንቁጣጣሽን ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ያደርገው ነበር። ስህተቱን ያገኘው አዲስ ተማሪ ነው። ያ 9ኛ ክፍል የተመደበው ልጅ። እናቱ ክበቡን ነግረውት በሁለተኛው ሳምንት መጣ፣ ኋላ ተቀመጠ፣ ዝም አለ። ኮዱ የ2016ን እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 11 ሲል ሲያይ ግን እጁን አነሣ።

«ጋሼ፣ ይሄ ልክ አይደለም። 2015 ዘመነ ሉቃስ ነበር። ጳጉሜ 6 ነበራት።»

ልክ ነው። በአራት ዓመት አንዴ፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ላይ፣ ጳጉሜ 6 ቀን ትሆናለች፤ የሚቀጥለው እንቁጣጣሽም ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል። በኮድ ቋንቋ ዓመቱ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 3 ከሆነ ማለት ነው። ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር ይህን የሚያውቅ አልነበረም፤ እኔም ብሆን ኮዱን ሳየው አላስተዋልኩትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የፈተና ቀኖችን የሚመርጠው እሱ ሆነ። 9ኛ ክፍል ውስጥ ከሁለት ዓመት በፊት የተማረውን አልጀብራ ዝም ብሎ የሚገለብጠው ልጅ፣ ክበቡ ውስጥ ጥያቄ ሁሉ የሚመራው ወደ እሱ ነው።

ሁለተኛው ስብሰባ

ስብሰባው እንደገና የተጠራው ለጥቅምት 13 ነው፤ ከላይ ያያችሁት መልእክት ለእናትየው የተላከው ነው። ሺፍት ተቀያይረው በሰዓቱ መጡ። የስልክ አስተርጓሚ ተገናኘ፤ እኔም በጥያቄያቸው አብሬያቸው ተቀመጥኩ።

ተማሪዎቹ አንዲት ገጽ ሠንጠረዥ አትመው ሰጥተውኝ ነበር። በግራ የኢትዮጵያ ዓመት፣ በቀኝ ከየትኛው የአሜሪካ የትምህርት ዓመት ጋር እንደሚገጥም። ከታች «ኢ.ሲ.» ማለት ምን እንደሆነ በአንድ መስመር። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ትራንስክሪፕቱን ከሠንጠረዡ ጋር አስተያየው፣ ሁለቱን ቁጥሮች በጣቱ ተከተለ፣ ከዚያ ወደ እናትየው ዞሮ ይቅርታ ጠየቀ። አስተርጓሚው ከመተርጎሙ በፊት ገብቷቸዋል።

ልጁ 11ኛ ክፍል ተዛውሯል። ሁሉም ነገር ግን አልተመለሰለትም፤ ያለፉትን ሳምንታት ትምህርት አሁን እየሮጠ እየደረሰበት ነው። መልእክት መላኪያው ሲስተምም ከውጭ ድርጅት የተገዛ ስለሆነ እኛ የምንነካው አይደለም፤ ዛሬም ፒኤምን «ከሰዓት» ይላል። ለውጡ ጸሐፊዋ ብራውዘር ላይ ያለች አንዲት ቡክማርክና መዝገብ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የተለጠፈች አንዲት ወረቀት ናት። ለሌሎች የአማርኛ ተናጋሪ ወላጆች መልእክት ስትልክ ጸሐፊዋ በገጿ ትጠቀማለች።

ለምትጽፉ ሁሉ

ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክ ወይም ለማንኛውም አማርኛ አንባቢ ላለው ተቋም ሶፍትዌር የምትሠሩ ከሆነ፣ ከዚህ ታሪክ አራት ነገር ውሰዱ።

ቀጠሮን ለአማርኛ አንባቢ ስትጽፉ ሁለቱንም ሰዓት ጻፉ፤ አንዱን መርጣችሁ አትገምቱ። ዓመት የሚገባበት ሳጥን ሁሉ አጠገቡ ካላንደሩን የሚጠይቅ ሳጥን ይኑረው፤ ቁጥሩ ከየትኛው ካላንደር እንደመጣም አብሮ ይቀመጥ። የወላጅን ስም ከልጁ የመጨረሻ ስም አትፍጠሩ፤ ጠይቃችሁ መዝግቡ። ቴክስት ከሆነ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ስልክ ቁጥሩን በመጀመሪያዎቹ 70 ፊደላት ውስጥ አስገቡ።

እኛ ሐበሾች ስንቀጣጠር ሁልጊዜ የምንጠይቃት ጥያቄ አለች፤ «በፈረንጅ ነው በሐበሻ?» እናትየው በር ላይ ቆመው የያዙት ስልክ ይህን አልጠየቃቸውም፤ ትራንስክሪፕቱን የተቀበለው ሲስተምም ሠራተኛውን አልጠየቀም። የምትሠሩት ፎርም ላይ ያቺን ጥያቄ ጨምሩ። ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሥራ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ልጁ ከክበብ ሲወጣ እናቱ ደወሉለት፤ ስንት ሰዓት ላይ ልውሰድህ ብለው መሰለኝ። «አሥር ሰዓት ተኩል» አላቸው፤ ቀጥሎም «በሐበሻ» ብሎ ጨመረ።